ሁለተኛ ፌርማታ ላይ የማልኩት ማሃላ

ባለፈው ወር የደም ግፊቴን ልለካ ጦር ኃይሎች አጠገብ ካለች አንዲት ክሊኒክ ተቀምጬ ተራዬን እጠብቅ ነበር። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን የአሜሪካኖቹን ቤዝቦል ያሳያል። ማን እንደከፈተው እንጃ። እንግዳ ተቀባይዋ ሪሞቱን መሳቢያዋ ውስጥ ቆልፋ የሄደች ይመስለኛል፤ ሁላችንም የተሰጠንን እናያለን። አጠገቤ የተቀመጡ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ ጥቂት ካዩ በኋላ ሰለቻቸው መሰለኝ፣ ወደ እኔ ዘንበል አሉ።

"ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ጨዋታ ነው? ቆመው ነው እኮ የሚውሉት!"

ይህን ብለው ሳይጨርሱ አንዱ ሯጭ ከአንደኛው ማረፊያ ወደ ሁለተኛው ተፈተለከ። ሁለተኛው ማረፊያ ላይ የሚጠብቀው ተጫዋች ኳሷ ገና ሳትደርሰው ጉልበቱን አጥፎ መንገዱ ላይ አጋደመው። ሯጩ ተንሸራቶ ሲመጣ ከጉልበቱ ጋር ተጋጭቶ ተንከባለለ። ዳኛው እጁን ዘርግቶ ለሯጩ ፈረደለት።

"አልደረሰም እኮ! ምን አይቶ ነው የሚፈርድለት?" አሉ ሽማግሌው።

"ኳስ ያልያዘ ሰው መንገድ መዝጋት አይችልም። ኳሷ እጁ ሳትገባ ነው የዘጋበት" አልኳቸው።

ዞር ብለው አዩኝና "እርስዎ ይህን የት አወቁት?" አሉ። ልመልስላቸው አፌን ስከፍት ቴሌቪዥኑ ያንኑ ነገር ደግሞ ማሳየት ጀመረ። ያንን ጉልበት አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከላይ፣ አንዴ ደግሞ ቀስ አድርጎ እያጓተተ አሳየን። ሦስተኛው ላይ ብድግ ብዬ ወጣሁ። ተራዬ አልደረሰም ነበር፤ የዚያን ቀን ግፊቴ ስንት እንደነበር እስካሁን አላውቅም።

እኔ የኮልፌ ልጅ ነኝ። ያደግሁት አጠና ተራ ነው። በልጅነቴ ሰፈራችን የባሕር ዛፍ እርጥብ ልጣጭና የሰጋቱራ ሽታ ይሸት ነበር፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ሰጋቱራው ከጭቃው ጋር ተቦክቶ ጫማችንን ይይዝብናል። ጫማ ያለን ማለቴ ነው። ዘመኑ ደርግ ነው፣ የሰባዎቹ አጋማሽ። ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት የዳቦ ሰልፍ፣ እሁድ የቀበሌ ስብሰባ። ከነዚህ የተረፈንን ጊዜ ሁሉ ከቀበሌው አዳራሽ ኋላ ባለው ሜዳ እንጨርሰዋለን። ሜዳው ወደ ወንዙ ያዘነበለ ስለነበር ኳስ የጠለዘ ልጅ ራሱ ወርዶ ያመጣታል፤ ይህም የጠለዛን ነገር በጣም ቀንሶልናል።

ቤዝቦልን ያመጣብን ጋሽ አሰፋ ነው። ለሁለት ዓመት ኩባ ተልኮ የስኳር ፋብሪካ ማሽን ጥገና ተምሮ የመጣ የሰፈራችን ጎረምሳ ነበር። ሲመለስ ስኳር በራሽን ሆኖ ጠበቀው፤ እናቱ "ተምረህ መጥተህ ምነው ለሻያችን እንኳ አልደረስክ" እያለች ትቀልድበት ነበር። ይዞት የመጣው ባለ አራት ኪስ ነጭ ሸሚዝ፣ ቀጭን ጢምና ይህንን ጨዋታ ነው። ዱላውን ከወይራ ጠርቦ ሠራ። ኳሷን እኛ ክር ጠቅልለን ጠቅልለን ሰጠነው፤ ጫማ ሰፊው ቆዳ አለበሰልን። ጓንት ከአሮጌ ሸራ ተሰፋና ጥጥ ተጠቀጠቀበት። ማረፊያዎቹ ሰጋቱራ የተሞሉ ጆንያዎች ነበሩ። ሯጩ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተሳፈረ የሚወርድ ስለመሰለን አንደኛ ፌርማታ፣ ሁለተኛ ፌርማታ እያልን ጠራናቸው፤ ስሙም በዚያው ጸደቀ።

ጨዋታውን ለማያውቅ በአጭሩ እንዲህ ነው። አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ በዱላ ይመታል፤ የመታው ፌርማታዎቹን ዞሮ ተነሳበት ይመለሳል። አንደኛ ፌርማታ ላይ የቆመ ሯጭ ግን ኳሷ እስክትመታ የመጠበቅ ግዴታ የለበትም። ወርዋሪው ክንዱን ሲያነሳ ጠብቆ ወደ ሁለተኛው መፈትለክ ይችላል። ይህን መስረቅ ይሉታል። ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ያለው ተቀባይ ኳሷን ወደ ሁለተኛ ፌርማታ ይወረውራታል፤ እዚያ የቆመው ልጅ ይዞ ሯጩን በኳሷ ከነካው ሯጩ ይወጣል። ሁለተኛ ፌርማታ ላይ የምቆመው እኔ ነበርኩ።

"መስረቅ" የሚለው ቃል ያጣላን የመጀመሪያው ቀን ነው። የቀበሌው ወጣት ማኅበር ሊቀ መንበር ልምምዱን ሊጎበኝ መጥቶ፣ ጋሽ አሰፋ "ስረቅ! አሁን ስረቅ!" እያለ ሲጮህ ሰማ። ጨዋታውን አስቆመና በሶሻሊስት ኅብረተሰብ ውስጥ ወጣቱን ስርቆት ማስተማር ምን ማለት እንደሆነ ግማሽ ሰዓት አስረዳን። በመጨረሻም ነገሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ "ግስጋሴ" እንዲባል ተወሰነ። እሱ ባለበት ገሰገስን፣ እሱ በሌለበት ሰረቅን።

ጋሽ አሰፋ ግን ከስሙ ይልቅ አቋቋሙ ነበር የሚያስጨንቀው። መሬት ላይ ቆርኪ ደርድሮ የእያንዳንዳችንን ቦታ ያሳየናል። እኔን ሁለተኛው ጆንያ ላይ አቁሞኝ እግሬን በእጁ እየያዘ ነበር የሚያስተካክለው፤ አንዱን ከጆንያው በስተቀኝ፣ አንዱን በስተግራ፣ ፊቴን ኳሷ ወደምትመጣበት፣ ከፊት ለፊት ያለው ክፍት።

"ስማ ግርማ" ይለኛል፣ "መንገዱ የሯጩ ነው። ያንተ የሚሆነው ኳሷ እጅህ ስትገባ ነው። ኳስ ሳትይዝ ከዘጋህበት እሱ ጆንያውን በነፃ ያገኛል። ሰው ከጎዳህ ደግሞ እኔ ሜዳ ላይ ዳግመኛ አትቆምም። ኳሷን ይዘህ ከሆነና እሱ እግሩን አንስቶ ከገባብህ ግን ጥፋቱ የሱ ነው።"

እኛ ደግሞ ያደግነው "ኳስ ቢያልፍ ሰው አያልፍም" በሚል ትምህርት ነው። በእግር ኳስ አጥቂን በአካል መጋረድ የሚያስመሰግን ሥራ ነበር። አሁን በእጅህ ምንም ከሌለ ዞር በል ስንባል ለጭንቅላታችን ገባው፣ ለጉልበታችን አልገባውም።

አሁን ስለ ኑረዲን ልናገር። ኑረዲን ከጎረቤት የዘለለ ጓደኛዬ ነበር፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በአንድ ዴስክ ተቀምጠናል። አባቱን በሕፃንነቱ ነው ያጣው። እናቱ እትዬ ዘይነባ ከስልጤ አገር የመጣች፣ አጠና ተራ አፋፍ ላይ ቆጮና ቅቤ እየሸጠች እሱንና ሁለት እህቶቹን የምታሳድግ ሴት ነበረች። ልጁ ሩጫ ተሰጥቶታል። ዝም ብሎ ፈጣን ማለቴ አይደለም፤ ከአስኮ ዳቦ ተልኮ ሲመለስ ዳቦው ትኩስ ነበር ይባልለታል። የትምህርት ቤቶች ውድድር ላይ አንድ የክለብ አሰልጣኝ አይቶት፣ ከገና በኋላ ለሙከራ እንዲመጣ ነግሮታል። ክለብ መግባት ደሞዝና ማደሪያ ማለት ነው፤ እትዬ ዘይነባ ከዚያ አፋፍ ላይ ከብርዱ ትነሳለች ማለት ነው። ይህን እኔ አሳምሬ አውቅ ነበር። ከማንም በፊት የነገረው ለእኔ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ጨምሬ መናገር አለብኝ፣ አለዚያ የሆነው ነገር አይገባችሁም። የሰፈራችን የማሃላ ሕግ። ድንጋይ ተክለን ኳስ ስንጫወት ጎላችን አግዳሚ የለውም፤ ኳሷ በላይ ትለፍ በውስጥ የሚያውቁት እግዜርና በረኛው ብቻ ናቸው። ስለዚህ ዳኛችን ማሃላ ነበር። አንዱ "ማርያምን" ወይም "ወላሂ" ካለ አለቀ። በማሃላ ላይ አይማልም። ሌላው ተነስቶ በተቃራኒው ከማለ፣ ከሁለቱ አንዱ በሐሰት ምሏል ማለት ነውና ነገሩ የኳስ ጠብ መሆኑ ቀርቶ የቤተሰብ ነውር ይሆናል። ቀድሞ የማለ ይታመናል፣ የተማለበት ዝም ይላል። እንዲህ ያለ ሕግ እንዴት እንደሠራ ዛሬ ይገርመኛል፤ ግን ይሠራ ነበር። እርግጠኛ ባልሆነበት ነገር ላይ ከሚምል ያለ የሌለ ብዩን አስረክቦ ባዶ ኪሱን ቤቱ የገባ ልጅ አውቃለሁ። ጋሽ አሰፋም ኩባ የተማረውን የዳኝነት ሕግ በዚህ ደገፈው። ዳኛው እሱ ብቻ ነበር፤ ከተቀባዩ ኋላ ነው የሚቆመው፤ ሁለተኛ ፌርማታ ደግሞ ሩቅ ነው፣ አቧራም አለ።

ኅዳር ሲያልቅ አንድ ወሬ ሰማን። ለበዓል የኩባ እንግዶች ስለሚመጡ ከእኛ ዘጠኝ ልጆች ተመርጠው ስታዲየም ጨዋታውን ያሳያሉ ተባለ። በጭነት መኪና ይወስዱናል፣ አዲስ ሸራ ጫማ ይሰጠናል። ስታዲየም ገብቼ አላውቅም ነበር። ሌሊት እየነቃሁ ስለዚያ ጫማ አስብ ነበር ብል አላጋነንኩም።

የምርጫው ጨዋታ የተደረገው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሣሩ ላይ ገና ውርጭ ነበር፤ አፋችን ይጨሳል። ከአዳራሹ በር ላይ አንዲት ሴት ቦምቦሊኖ ስትጠብስ ሽታው እስከ ሜዳው ይመጣና ያንን የነቢያት ጾም ሆዳችንን ያላውሰዋል። ለሁለት ተከፈልን፤ ኑረዲን ከወዲያ ቡድን ደረሰው። የእኔ ቀን አልነበረም። ገና በመጀመሪያው ዙር ሁለት ልጆች ሰርቀው አመለጡኝ። አንደኛው ላይ ኳሷ ከጓንቴ ሾለከች፣ ሁለተኛው ላይ ዘግይቼ ደረስኩ። ጋሽ አሰፋ ከሩቅ እጁን አንስቶ "ግርማ! አንድ ከጨመርክ ትቀየራለህ" አለኝ። ከጆንያው ጀርባ የሚተካኝ ልጅ ጓንቱን አጥልቆ እጁን እያሟሟቀ ነው።

ከዚያ ኑረዲን አንደኛ ፌርማታ ደረሰ። እንደሚሰርቅ ሜዳው ሁሉ ያውቃል፤ እሱም እንደምናውቅ ያውቃል፣ ፈገግ ብሎ ጥቅሻ ጣለልኝ። ወርዋሪው ክንዱን ሲያነሳ ተነሳ። ተቀባዩ ወረወረ። ኳሷ ከተቀባዩ እጅ ስትወጣ ነው የገባኝ፤ ወደ ቀኝ አዘንብላለች፣ ዘግይታለችም። አትደርስልኝም። ይህን አስቤ የወሰንኩት መሆኑን ልክድ አልችልም፤ ጊዜው የዓይን ጥቅሻ ያህል ነው፣ ግን ለመወሰን ይበቃል። ግራ ጉልበቴን ከጆንያው ፊት አጋደምኩት።

ኑረዲን ጋሽ አሰፋ እንዳስተማረው በአንድ ጎኑ ተንሸራቶ፣ እግሩን ከመሬት ሳያነሳ መጣ። ክፍት መሆን የነበረበት ቦታ ላይ የእኔን አጥንት አገኘ። እግሩ ከእኔ ቅልጥም ስር ተቀረቀረና የቀረው አካሉ በላዩ ዞረ። ድምፁን ሰማሁት። ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር እንደሚሰማው ነው። በግንባሬ ተደፋሁ፤ መዳፌን ጠጠሩ ቀደደው። ኳሷ ከሁለታችን አጠገብ በኑረዲን ፊት ለፊት ተንከባልላ አለፈች። አቧራው ሳይወርድ ዳኸሁና አነሳኋት።

ጋሽ አሰፋ እየሮጠ ሲደርስ ኳሷ በእጄ ነበረች፤ ከእጄም ደም ይንጠባጠባል።

"ኳሷን ይዘህ ነበር?" አለኝ።

"ይዤ ነበር።"

"ከመግባቱ በፊት?"

ልጆቹ ሁሉ ከበውናል። ኑረዲን ጉልበቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ዓይኑን እኔ ላይ ተክሏል።

"ማርያምን!" አልኩ።

ጋሽ አሰፋ ወደ ኑረዲን ዞረ። "ኑረዲን?" አለው። ኑረዲን አፉን ከፈተ፤ መልሶ ገጠመው። እኔ አንዴ ምያለሁና ምን ይበል? ያን ጊዜ ጋሽ አሰፋ ሁላችንም በምንሰማው ድምፅ "ኳስ በያዘ ሰው ላይ እግር አንስቶ አይገባም ብዬ ስንት ጊዜ ነው የነገርኳችሁ? የሰው እጅ ቀደድክ፣ እግርህንም ሰበርክ። ይኸውልህ!" ብሎ ተቆጣው። መሬት ላይ የተኛውን ልጅ ነው የተቆጣው። እኔን ደግሞ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

በቃሬዛ፣ ማለትም በሁለት አጠናና በአንድ ጆንያ፣ ወደ ወጌሻው ወሰዱት። ወጌሻው ጎትቶ በሸንበቆ አሰረው። ጉልበት ደግሞ ክፉ ነገር ነው፤ ቢድንም እንደ ድሮው አይሆንም። ገና አለፈ፣ የክለቡ ሙከራ አለፈ፤ የኑረዲን እግር ግን ከዚያ በኋላ ታጥፎ አያውቅም።

ይህን ያህል ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ልጅነት ነው ብዬ አልፈው ነበር። ሁለት ቀን ቆይቶ ማታ ላይ እትዬ ዘይነባ በራችንን አንኳኳች። ነጠላዋን አገልድማ፣ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮና በሰሐን ጎመን ይዛለች። እናቴ ተደናግጣ ተነሳች።

"ልጄ ልጅሽን ረግጦ እጁን ቀደደው አሉኝ" አለች እትዬ ዘይነባ፣ ሳትቀመጥ። "እኔ እንዲህ አላሳደግሁትም። አፉ በሉኝ። ጾም ላይ ስለሆናችሁ ቅቤ አላስነካሁትም፣ በዘይት ነው።"

"ኧረ እትዬ ዘይነባ! ልጆች አይደሉ እንዴ! ይልቅስ የሱ እግር እንዴት ሆነ?"

"የሥራውን ነው ያገኘ" አለች። ከዚያ ወደ እኔ መጥታ እጄን አነሳችው፤ እናቴ በአቡጀዲ የጠቀለለችውን ከላይ እየዳሰሰች "ያምሃል?" አለችኝ። እጇ ከብርዱ የተነሳ ደርቆ የተሰነጣጠቀ ነበር። ደህና ነኝ አልኳት። ስትወጣ እናቴ ቆጮውን ቆርሳ፣ ጎመኑን ጨምራ አቀረበችልኝ። ሚጥሚጣው ለስለስ ያለ፣ ጎመኑ በደንብ የተከተፈ ነበር። በላሁት። ጣፈጠኝም። ከዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ለመጻፍ የሚያሳፍረኝ አንዱ ይኸ ነው፤ ጣፈጠኝ።

ወጌሻው ቤት ሄጄ አልጠየቅሁትም። ነገ እሄዳለሁ እያልኩ ነገ አለቀ። ለንስሐ አባታችን "ዋሽቻለሁ" ብዬ በጅምላ ተናዘዝኩ፤ ምን ብለህ፣ በማን ላይ ብለው ሳይጠይቁኝ ጥቂት ስግደት አዘዙኝ፤ ርካሽ አገኘሁትና ደስ አለኝ። ስታዲየምም ሄድኩ። እንግዶቹ ዘግይተው መጡ፤ ጨዋታው የቆየው ሻይ የሚጠጣበት ያህል ጊዜ ነው፤ ሕዝቡ የገና ጨዋታ ዓይነት መስሎት ዱላው በተነሳ ቁጥር ያጨበጭባል። ወደ ሁለተኛ ፌርማታ የሰረቀ አንድም ሰው አልነበረም። ሸራ ጫማውን በማግስቱ ለቀበሌው አስፈርመው ተረከቡን።

ኑረዲን ሲሻለው ትምህርት ቤት ተመለሰ፤ ሌላ ዴስክ ላይ ተቀመጠ። እኔም አልጠየቅሁት፣ እሱም አልነገረኝ። በኋላ አየር ጤና ላይ ብሎንና ሚስማር የሚሸጥባት ትንሽ ሱቅ ከፈተ። ያንን ቀጥ ያለ እግሩን ወደ ውጪ ዘርግቶ በሩ ላይ ይቀመጣል። እኔ ድራፍቲንግ ተምሬ፣ ሌላ ሰው የሚሠራውን ቤት ስስል አርጅቼ፣ አሁን ጡረታ ልወጣ ጥቂት ቀርቶኛል። በአየር ጤና ባለፍኩ ቁጥር ሱቁ ሳይደርስ መንገድ እሻገራለሁ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ተሻግሬያለሁ።

ከክሊኒኩ የወጣሁ ዕለትም ተሻገርኩ እንጂ ልሄድ አልደፈርኩም። የሄድኩት በሳምንቱ እሁድ ነው። የኑረዲን ቤት እዚያው አየር ጤና ካሉት ጋራዦች ኋላ ነው፤ በአንድ ግቢ ውስጥ ብዙ ተከራይ አለ። ግቢው በታጠበ ልብስ ተጋርዷል።

"ግርማ! ምን እግር ጣለህ?" አለኝ ኑረዲን። ከወንበሩ ሊነሳልኝ ሲሞክር በትከሻው ያዝኩት። ጢሙ ነጭ ሆኗል። ቁጭ ሳልል ተናገርኩ፤ ቁጭ ካልኩ ስለ ኑሮ ውድነት አውርቼ እንደምመለስ ራሴን አውቃለሁ።

"ያን ጊዜ ኳሷን አልያዝኩም ነበር" አልኩት።

የትኛዋ ኳስ አላለኝም። "አውቃለሁ" አለ። "በፊቴ ነው ያለፈችው።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልክ?"

"ምን ልበል? ምለሃል እኮ።" ያን ቀጥ ያለ እግሩን አሻሸና "ወጌሻው ጋ ተኝቼ በር በተንኳኳ ቁጥር አንተ ትመስለኝ ነበር። ያን ሰሞን ነው ታዲያ። በኋላ ሱቁም መጣ፣ ልጆችም መጡ፣ ተውኩት" አለ።

"ይቅር በለኝ ኑሬ።"

"የእኔስ ቀላል ነው። የእናቴ ነው እንጂ።"

"እትዬ ዘይነባ አሉ?"

"አለች። ጆሮዋ ነው የደከመ እንጂ ሌላው ደህና ነው።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እስከ ዛሬ ስትቆጣኝ 'የሰው ልጅ ረግጠህ አይደል አላህ እግርህን የቀጣህ' ትለኛለች። ልጆቼን ስትመክርም ይህንኑ ነው የምትነግራቸው። አባታችሁን እዩት እያለች። ሂድና ለሷ ንገራት።"

እትዬ ዘይነባ ውስጠኛው ክፍል ምንጣፍ ላይ መቁጠሪያዋን፣ ሙስበሃዋን ይዛ ተቀምጣለች። ትንሽ ሆናለች። ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኳት፤ ኑረዲን ማንነቴን በጆሮዋ ነገራት፤ ፊቷ በራ። "የሰፈራችን ልጅ! እናትህ ነፍሷን ይማር፣ ደግ ሴት ነበረች" አለችኝ። እኔም ልናገር ጀመርኩ።

"ምን አለ?" አለች ልጇን። ኑረዲን ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ አልተረጎመልኝም። ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት። አሁንም እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ወደ እኔ ዘነበለች። ውጪ ልብስ የምታጥበው ሴትዮ እጇን ከባኞው ውስጥ እንዳደረገች ቀና ስትል በበሩ ይታየኛል። ምርጫ አልነበረኝም፤ ጮህኩ።

"ኑረዲን አልረገጠኝም! ያን ጊዜ ዋሽቼ ነው! እኔ ነኝ መንገድ የዘጋሁበት! እግሩን የሰበርኩት እኔ ነኝ!"

 የአንድ ተከራይ ሬዲዮ የተቀነሰ መሰለኝ።

እትዬ ዘይነባ ሙስበሃዋን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠች። "ምለህ የለም እንዴ?" አለች።

"ምዬ ነበር።"

"በውሸት?"

አሁን መጮህ አልቻልኩም። "በውሸት" አልኩ በአፌ ውስጥ። አፌን አይታ ገባት።

ከዚያ በኋላ ወደ እኔ አልዞረችም። ልጇን "ና እዚህ" አለችው። አጠገቧ ሊቀመጥ ፈለገ፣ ግን ያ እግር አይታጠፍም፤ ምንጣፍ ላይ መቀመጥ ለሱ ብዙ ሥራ ነው። ስለዚህ እሷ ግድግዳውን ይዛ ተነሳች። ቀና ብላ ፊቱን በሁለት እጇ ያዘችው።

"ተኝተህ ሳለህ ገረፍኩህ እኮ" አለችው። "ከነማሰሪያህ። አልረገጥኩም ስትለኝ ዋሽተሃል ብዬ ገረፍኩህ። አፉ በለኝ ልጄ።"

"ተዪው እማ። ኧረ ተዪው" ይላል፤ የስድሳ ዓመት ሽማግሌ ሊሆን ጥቂት የቀረው ሰው እንደ ሕፃን። ለእናቱ እውነቱን ነግሯት እንደነበር ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። በሜዳው ላይ ዝም ብሎ፣ ቤቱ ገብቶ ለእናቱ ብቻ ተናግሯል፤ እሷም የኔን ማሃላ አምና የሱን ቃል ጥላለች።

ሁለቱም እኔ መኖሬን ረስተውት ነበር። ወጣሁ። ልብስ አጣቢዋ ሴትዮ መንገድ ለቀቀችልኝ፤ ሰላም አላለችኝም፣ እኔም አልጠበቅሁም።

ሰው ጥፋቱን ከተናገረ በኋላ ቀለለኝ ሲል እሰማለሁ። እኔ አልቀለለኝም። አሁን በአየር ጤና ሳልፍ መንገድ አልሻገርም፤ ሰላም እለዋለሁ፣ ሰላም ይለኛል፣ ከዚያ በላይ አላወራንም። እስከዚያች እሁድ ድረስ ኑረዲንን ያሳጣሁት እግሩን ብቻ ይመስለኝ ነበር።